«ከሊኑክስ ጋር ይሠራል» ብሎ ለጻፈልን ክፍል

ለተከበሩት የዋይፋይ አዳፕተር አምራች ድርጅት የደንበኞች እርዳታ ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ በተለይም ኢንተርኔትዎ ደህና ናቸው? እኔ ልብስ ሰፊዋ ደንበኛዎ፣ በእናንተ እርዳታ ሳይሆን በጎረቤቴ ብርታት ደህና ነኝ። ይህን በአደባባይ መጻፌ፣ በግል የላክሁልዎት አራት ደብዳቤዎች ከእንቅልፍዎ ስላልቀሰቀሱዎት፣ ምናልባት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ቢጠራዎት ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ ከታላቅ እህቴ ይጀምራል። የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ትኖራለች። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ታማ ጆሮዋ መስማት አቆመ፤ ከዚያ ወዲህ የሰው ከንፈር እያየች ነው የምታወራው፣ ሐሜት ሲሆንማ ከእኔ ቀድማ ትሰማለች። ስለዚህ ለእኛ ስልክ ማለት ምስል ነው። የእኔ ስልክ ደግሞ ባለ ቁልፍ ናት፤ የባለቤቴም እንደዚያው። ያለን አሥራ አንድ ዓመት የሞላው ላፕቶፕ ነው፤ እርጅና ሲጫነው ባለቤቴ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ጫነበትና ነፍስ ዘራ። ባለፈው ወር የገዛ ዋይፋዩ ሲሞትበት የእናንተን አዳፕተር ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ በደማቁ «ከሊኑክስ ጋር ይሠራል» ይላል። እህቴ ሰኞ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ልትገባ ስለነበር፣ እሁድ በአሥር ሰዓት ልንተያይ ተቀጣጠርን።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ አዳፕተሩን ስሰካው መብራቱ ቦግ ስላለልኝ አመሰግናለሁ። ሰማያዊ ነው፣ ያምራል። ከዚያ ወዲያ ግን ላፕቶፑ እንግዳ እንደመጣበት እንኳን አላወቀም። መመሪያችሁን ባነብ «ድራይቨሩን ከኢንተርኔት ያውርዱ» ይላል፤ ድራይቨር ማለት ሁለቱን የሚያስተዋውቅ ፕሮግራም ነው አሉ። ኧረ ክቡርነትዎ! ኢንተርኔት ቢኖረኝ ኖሮ እናንተ ደጅ ምን አመጣኝ? ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ድራይቨሩን በፍላሽ አመጣሁ። ባለቤቴም እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከቀጠሯችን ሳምንት ቀድሞ፣ ቅዳሜን ሙሉ ትእዛዝ ሲጽፍ ዋለ። እምቢ ሲለው «ላፕቶፑ ነው ያረጀው» አለ፤ እኔም «አንተስ?» አልሁት። በእናንተ ምክንያት በቤታችን የተነገረ የመጀመሪያው ክፉ ቃል ይህ ስለሆነ ለመዝገብዎ ይያዝልኝ።

ሦስተኛውን በሳቅ ልጻፈው በንዴት አላወቅሁም። በሳምንቱ ውስጥ ከኢንተርኔት ቤት ወደ ክፍልዎ ብጽፍ መልስ መጣ፦ በአንድ ስም ሦስት ዓይነት አዳፕተር ትሠራላችሁ፤ የእያንዳንዱ ድራይቨር ይለያያል፤ የእኔ ስንተኛው እንደሆነ ካልነገርኋችሁ መርዳት አትችሉም። ቁጥሩ አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ተጽፏል፣ ከዋስትናው ስቲከር ሥር። ስቲከሩ ከተነሣ ዋስትናው ይፈርሳል፤ ዋስትናው የፈረሰበትን ደንበኛ ደግሞ አትረዱም። በሃያ ስምንት ዓመት የስፌት ሥራዬ የሸሚዝ ቁጥር ከኪስ ሥር ሰፍቼ፣ «ልክህን ለማወቅ ኪሱን ቅደድ፤ ከቀደድህ ግን አላውቅህም» ብዬ ሰው ሸኝቼ አላውቅም። ታዲያ ምን ላድርግ ብዬ ሦስት ጊዜ ደግሜ ጻፍሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው መልስ፣ ያው ነጠላ ሰረዝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁኝ።

ስቲከሩን ለምን እንደፈራሁት ከጠየቁኝ፣ ዋስትና የሚሉት ነገር ያድነኛል ብዬ ነው፤ የአህያ ባል ከጅብ እንደማያስጥል ረስቼ።

እሁድ አሥር ሰዓት ደረሰ። ኢንተርኔት ቤቱ እሁድ ዝግ ነው። እህቴ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ቁጭ ብላ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ የስልኳን ባዶ ስክሪን አየች። የክፍሏ ነርስ ዘንድ ደውዬ «እህትሽ ደህና ናት በያት» አልሁ፤ ነርሷም በወረቀት ጽፋ አሳየቻት። አላመነችም። እህቴ አንድ ነገር ሆናለች፣ ደብቀውኛል ብላ ስታለቅስ አደረች፤ እንደዚያው ሆና ወደ ቀዶ ሕክምና ገባች። በዚህ አልቀልድም ክቡርነትዎ።

አራተኛ፣ ሰኞ ጠዋት ጎረቤታችን ጡረተኛው ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ሰፈሩ ጋሼ አንቴና የሚላቸው፣ ለቅሶዬን ሰምተው መጡ። አዳፕተሩን አገላበጡ፣ ስቲከሩን በጥፍራቸው ላጥ አደረጉት፣ «ሦስት ይላል» አሉ። በቃ! የሦስተኛውን ድራይቨር ከኢንተርኔት ቤት አመጣሁ፤ ምሳ ሳይደርስ ዋይፋዩ መጣ። እህቴ ግን ያን ሰዓት ማደንዘዣ ወስዳ ተኝታለች።

ተመስገን፣ በደህና ወጣች። ሐሙስ ተያየን፤ መጀመሪያ ሰደበችኝ፣ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ከክፍልዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቁጥሩን ከስቲከሩ በላይ ጻፉት። ቀለሙን እኔ እችላለሁ።

ዋስትናዋን በጎረቤት ጥፍር ያስላጠች፣ ለወንበርዎ ምቾት፣ ለእንቅልፍዎም ጥልቀት ዘወትር የምትመኝ፣
ታዛዥ ደንበኛዎ ልብስ ሰፊዋ

ሳልጽፈው የቀረ፦ ይህን ሁሉ ለእህቴ ስነግራት ከንፈሬን አተኩራ ስታይ ቆይታ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። መልሱ የእርስዎ ስለሆነ እንዳለ ወደ እርስዎ አስተላልፌዋለሁ፦ «እኔስ ጆሮዬ ነው እምቢ ያለኝ፤ የሚያናግረኝን ሰው ግን ቀና ብዬ አያለሁ። እነሱ ምን ነክቷቸው ነው?»