ሙዜ ሐዋሳ አልሄደም

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሉብና ኸይሩ
አዲስ አበባ

አሰላሙ ዐለይኪ። ሰላምታውን ያልነፈግኩሽ ሰላም የአላህ ስለሆነ ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን የኔ ነው።

በወረቀት የጻፍኩልሽ ድምፅ ስለጠየቅሽኝ ነው። በቴሌግራም ብመልስልሽ ወዲያው ትደውያለሽ። ስናገር ደግሞ የምልሽን ትተሽ ድምፄን ነው የምታዳምጪው። ባለፈው ስንደዋወል ያደረግሽው ይህንኑ ነው። ስለ እማ እግር እያወራሁሽ አቋረጥሽኝና፣ «ሳላዲን፣ ድምፅህ እኮ ልክ እሱን ሆነ» አልሽኝ። እግሯን ምን እንደነካት እስካሁን አልጠየቅሽም። ድኗል፣ ካሳሰበሽ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ከግቢያችን ጀርባ የሚከራየው የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ኦሊያድ ነው። ለሥራ ፈተና አዲስ አበባ ይመጣል። እሱን አታስለፍልፊው። እንኳን ካንቺ፣ ከግድግዳ ጋር ያወራል፤ ግን ምንም የሚነግርሽ የለውም።

«አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ናት» ብለሽ ነበር የላክሽልኝ። «ሰው ሁሉ ሙዜን መልሱልን እያለ ነው። ፍራሾቹ መሃል ሆነህ ቅዳልኝ። ሙዜ ከሐዋሳ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ፣ እማ፣ መጣሁ ይላል። በቃ። እስከ ዓርብ ድረስ ብትልክልኝ።»

ከሐዋሳ ተመልሶ። እስኪ ስለ ሐዋሳ እንነጋገር። ከዚያ በፊት ግን የረሳሽው የሚመስለኝን ላስታውስሽ።

«ከባንኮኒው ኋላ» ሲጀመር እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። አንቺና ሁለቱ ጓደኞችሽ በአንድ ኮምፒዩተር ካርቱን ልትሠሩ ስትቀመጡ የምታውቂው ታሪክ የእኛን ሱቅ ብቻ ነበር። ፍራሽና ብርድ ልብስ የሚሸጥ ቤት፣ ነገረኛ አባት፣ አማርኛ የሚያደናቅፋት እናት፣ ሱቁን በጓዳ በር የሚያስተዳድር የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። ልጁን ሙዜ አልሽው። ሙዜ ወንድማችን ሚፍታ ነበር። ድምፁም የሚፍታ ነበር። መጋዘን ገብቶ ስፖንጅ ፍራሾቹን ዙሪያውን ያቆምና መሃላቸው ተቀምጦ በስልኩ ይቀዳልሽ ነበር። የሲቀላ ባጃጅ ሁሉ ቢንጫጫ እዚያ ውስጥ አይሰማም። በኋላ ድምፁ ሲጎረምስ አፍንጫውን ይዞ ይሞክር ነበር፣ ከዚያ ሰለቸውና ተወው። የሙዜ ፊት አሥራ አራት ዓመት ላይ ቀረ፣ ድምፁ ግን አደገ። ማንም ቅር አላለውም።

እኔም አለሁበት። እናትየዋ ጀርባ ላይ የታዘለው ሕፃን እኔ ነኝ። ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ማንበብ እችላለሁ፣ አንቺ ግን አሳዘልሽኝ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ታዝያለሁ፣ አንዲት ቃል ተናግሬ አላውቅም። አሁን ገና ቃል ሰጠሽኝ፣ እሷም የሌላ ሰው ናት።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ክፍል የሚከፈተው ሙዜ የሱቁን የላሜራ በር ሲያነሳ ነበር። ችግሩን የሚያመጣውም፣ የሚፈታውም እሱ ነው። ሰዉን በጣም ያስቀው የነበረው ደግሞ ወንዱን ሁሉ «አንቺ» ማለቱ ነው። ይህ ከየት እንደመጣ ለአዲስ አበባ ጓደኞችሽ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ? እማ ጨንቻ ተወልዳ በጋሞኛ ያደገች ሴት ናት። በጋሞኛ «አንተ»ም «አንቺ»ም አንድ ቃል ነው። አማርኛ ላይ ስትደርስ ይምታቱባታል። ሚፍታ ግን ተምታቶበት አያውቅም። አንድ ነጋዴ፣ ያ ቦርጫሙ፣ እማ «ነይ ግቢ» ስትለው ጓደኞቹን እያየ ሲስቅ ሚፍታ ከኋላ ብቅ አለና፣ ፊቱን ሳያጣምም፣ «አዎ ግቢ አንቺ፣ ስፖንጁ እዚህ ነው፣ ተኝተሽ ሞክሪው» አለው። ሰውየው ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚፍታ ሱቅ ውስጥ ወንድ የሚባለውን ሁሉ «አንቺ» ነው የሚለው፣ ፖሊስም ቢሆን። እማ ስትሳሳት የእሷ የትኛው እንደሆነ፣ የእሱ የትኛው እንደሆነ ማንም እንዳይለይ ነው። አንቺ ይህንን ታውቂያለሽ። ሱቁ ውስጥ ነበርሽ። ያን ቀን የሳቅሽው ሳቅ ትዝ ይለኛል።

በሦስተኛው ዓመት ነው መሰለኝ፣ አንድ ክፍል ስለ አባትየው፣ ስለ ጋሽ ድርድር ብቻ ሠራችሁ። እስከዚያ አባትየው ከኋላ እየጮኸ የሚያልፍ ሰው ነበር። ያን ሳምንት ግን ባጃጅ ውስጥ፣ መናኸሪያ፣ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም «ከስሬ ነው የምሸጥልህ» ይል ጀመር። እናንተም ለድምፁ ኮሜዲያን ቀጠራችሁለት። ቀጥሎ ጋሽ ድርድር ምርጫ ሲወዳደር፣ ጋሽ ድርድር ጂም ሲገባ፣ ጋሽ ድርድር ሚስቱን ረስቶ አውቶቡስ ሲሳፈር። መክፈቻው ተቀየረ፣ ላሜራውን የሚያነሳው ሙዜ ቀረና መጀመሪያ የጋሽ ድርድር ሆድ መግባት ጀመረ። ሙዜ «አባ፣ ስልክ» ብቻ የሚል ልጅ ሆነ።

ይህንን ለኦሊያድ ነግሬው ነበር። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ከውጭ የሚመጣውን ካርቱን ሁሉ አይቷል። «ረጅም ዕድሜ ያለው ካርቱን ሁሉ እንዲህ ነው» አለኝ። «ልጁ አያድግም፣ ጸሐፊዎቹ ግን ያረጃሉ። ሲጀምሩ ከልጁ ጋር ሆነው አባትየውን ያበሽቃሉ፣ ቆይተው ራሳቸው የቤት ኪራይ ከፋይ ይሆናሉ፣ ያኔ አባትየው ያሳዝናቸዋል። ማንም ተንኮል አላሰበም።»

«ከልጁ ጋር የነበሩትስ?» አልኩት።

«እነሱማ ዋናው ማን እንደሆነ ይጠፋባቸዋል» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሚፍታ ራሱ ይቀልድ ነበር። «አባ ኮከብ ሆነ፣ እኔ ዘበኛ» ይላል። አባም መጀመሪያ «ሊያሰድቡኝ ነው» ሲል የነበረው ሰውዬ የጋሽ ድርድርን ሥዕል አሳትሞ ከሂሳብ መቀበያው በላይ ሰቀለ፣ ደንበኛ ሲመጣ እንደ ኮሜዲያኑ ድምፁን እያንጠለጠለ መናገር ጀመረ። ይህ ሁሉ ምንም አይደለም። ሚፍታን አንድ ነገር ብቻ ነው ያስከፋው። ሙዜን ወደ ዳር ስታስወጡት የ«አንቺ»ውን ስሕተት ይዞት አልወጣም። እናትየዋ ላይ ተዋችሁት። ድሮ እሷ «ነይ» ስትል ሙዜ ተከትሎ «አዎ ነይ» ይላል፣ የሚሳቅበት የሳቀው ሰው ነው። አሁን እሷ ብቻዋን «ነይ» ትላለች፣ እናንተ ደግሞ ከኋላ ሳቅ ትለቁባታላችሁ።

ደውሎልሽ ነበር። ፍራሾቹ መሃል ሆኖ ነው የደወለው፣ ግን በሩን ክፍት ትቶት ነበርና ሰምቻለሁ። «ሉብና፣ ወይ እኔን መልሺኝ፣ ወይ የእማን አፍ ተዪ» አለሽ። አንቺ የመለስሽውን አልሰማሁም። ሲወጣ ግን «ተመልካች ወዶታል አለች» አለኝ።

ተመልካች ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ካሱ የሚባል ባጃጅ ነጂ አለ። የሠርጉን ፍራሽ ሊገዛ ሚዜዎቹን ይዞ መጣ። ሚፍታ ዕቃ ሊያወርድ ወጥቶ ነበር። «እማማ በለጥሽ» አላት እማን፣ ስልኩን ደቅኖ፣ «እስቲ እንደ ቴሌቪዥኑ ነይ ግቢ በሉኝ። ለሠርጌ ነው፣ ምርቃት ነው።» ሚዜዎቹ ተንከተከቱ። እማ ፍራሹን አውርዳ አስረከበችው፣ ዋጋውን በጣቷ አሳየችው፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገች አታውቂም፣ ስለማትጠይቂ። «ኑ» ማለት ጀመረች። ሁሉንም ሰው። «ኑ»፣ «ግቡ»፣ «ብሉ»። እንዲያ ሲባል ወንድና ሴት የለውም፣ መሳሳት የለበትም። ብልህ ናት። ግን እኔንም «ሳላዲን ኑ፣ ምሳ ብሉ» ትለኛለች። የወለደችኝ እናቴ እንደ እንግዳ ታስተናግደኛለች፣ በገዛ ቤቴ። ሚፍታንም እስከ መጨረሻው እንዲያ ነው ያለችው። ያን ቀን ጠዋት አክስታችንን ሊጠይቅ ወደ ጨንቻ ሲወጣ «በሰላም ግቡ» ነው ያለችው። ሲመለስ ዝናብ ነበር። ሚኒባሱ የት እንደተገለበጠ ታውቂያለሽ፣ አሳይቼሻለሁ።

ለቅሶው ላይ አንድ ሽማግሌ የአባን እጅ ይዘው፣ «ጋሽ ድርድር፣ አላህ ያጽናዎት» አሉት። አፋቸው አምልጧቸው ነው። አባ «አሚን» አለ። አንቺ አጠገቡ ነበርሽ። ሁለታችሁም አላረማችኋቸውም። ሦስቱ ቀን እንዳለፈ ስቱዲዮ አለብኝ ብለሽ ሄድሽ።

ከዚያ ክረምቱ ሲያልቅ ያ ክፍል ወጣ። አባ ከለቅሶው ጀምሮ ሥዕሉን አውርዶታል፣ ቴሌቪዥኑንም አልከፈተም፣ እኔ ስልኬ ላይ አየሁት። ጎረቤት «ሙዜ የታለ?» ይላል። ጋሽ ድርድር ብርድ ልብስ እያጠፈ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ሐዋሳ አጎቱ ጋ ሄዷል» ይላል። ከዚያ ስለ ብርድ ልብሱ ዋጋ ይጨቃጨቃሉ። በቃ። ይኼው ነው። ሐዋሳ አጎት የለንም፣ ሉብና። ሙዜ ሐዋሳ አልሄደም። ክፍሌ ውስጥ ሰሊሆም የሚባል ልጅ አለ፣ ከኋላዬ የሚቀመጥ፣ በማግሥቱ «ወንድምህ ከሐዋሳ መቼ ይመጣል?» ሲለኝ ሊያሾፍ ይሁን ሊያጽናና አልገባኝም። መታሁት። በኋላ ሊያጽናና እንደነበር ነገሩኝ። የሰው ጥርስ ዕዳ አለብሽ።

አሁን አድምጪኝ። መልእክትሽ የደረሰኝ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ መጋዘን ገባሁ። ልልክልሽ አልነበረም። እችል እንደሆነ ለማየት ነው። ፍራሾቹን እንደሱ አቆምኩ። እማ እዚያው መጋዘን ውስጥ፣ ከፍራሾቹ ወዲያ፣ የብርድ ልብስ እስር እየፈታች ነበር። ስልኩን ከፍቼ፣ «እማ፣ መጣሁ» አልኩ።

ከዚያ ድምፅዋ መጣ።

«ሚፍታ፣ መጣሽ?»

ፍራሹን ገፋ አድርጋ አየችኝ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ፍራሽ ላይ ቁጭ አለች።

«ድገሚው» አለችኝ።

«እማ፣ እኔ እኮ ነኝ። ሳላዲን።»

«አይቼሻለሁ» አለች። «ድገሚው።»

ደገምኩት። «መጣሽ? ግቢ፣ ብዪ» አለች። እንደገና ደገምኩት። «ራበሽ? ግቢ።» አባ የአስር ሶላት ሰግዶ ሲገባ እዚያው አገኘን። ጫማውን አውልቆ ከጎኗ ተቀመጠ። በራሱ ድምፅ፣ እንደ ኮሜዲያኑ ሳይሆን፣ «እስቲ እኔም ልስማው» አለ።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ እንዲያ እያልኩ ነው የምገባው። «መጣሽ? ግቢ» ትለኛለች። ማንን እንደምትል አልጠይቃትም። እንግዳ መሆኔ ግን ቀርቷል።

እና መልሴ አይሆንም ነው። የቀዳሁትን አጥፍቼዋለሁ። ድምፁ እዚህ ሥራ ላይ ነው፣ የሚተርፍ የለም። ለተመልካችሽ የፈለግሽውን ንገሪው። ሙዜን ካሻሽ አሜሪካ ላኪው፣ ለጋሽ ድርድር አዲስ ልጅ ሥሪለት፣ ደግሞ ለእናትየዋ ሳቁን አጥፊላት። ይህችን ካላደረግሽ ሌላ አትጻፊልኝ። «እማ፣ መጣሁ» የምትለዋን ግን የሚላት ሰው ከጠፋ፣ አንቺም እኮ አፍ አለሽ። በሩን ታውቂዋለሽ። ላሜራው አሁንም በስተግራ በኩል ይነክሳል፣ ከፍ አድርገሽ ነው የምትገፊው።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ ክፉ አያሳይሽ። ይህን የምልሽ እንደተናደድኩ ነው። ከልቤ ግን ነው።

ልጨርስ ስል እማ አጠገቤ መጣችና ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «እኔም አለኝ፣ ጻፊ» አለች። ያለችውን እንዳለ ነው የጻፍኩት፣ አላረምኩትም። አንቺም አታርሚው፣ ማንም አጠገብሽ ሆኖ እንዳይስቅበት።

«ሉብናዬ፣ ደህና ነህ? ናፍቀኸኛል። ልጄ፣ አትፍራ። ና።»

የታዘለው ወንድምሽ
ሳላዲን ኸይሩ