ሰክሬ አይደለም፣ አፌ ደርቆ ነው

ዚሪክዜ፣ ሰኞ ኖቬምበር 14

ውድ ልጄ ያኮሚና፣

ኒውዚላንድ በጋው ገባላችሁ? ልጆቹ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔን የጠየቀኝ ስለሌለ ራሴ ልንገርሽ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ተናድጃለሁ፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

ባለፈው ወር አንድ እሁድ ወንድምሽ ማሪኑስ ምሳ እንደበላን "እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪ" አለኝ። ለካ ሁለታችሁ በስልክ መክራችሁ ጨርሳችኋል። የአረጋውያን መኖሪያ ተገኝቶልኝ፣ ቤቴ ሊሸጥ! ምክንያቱስ? ምላሴ ይተሳሰራል፣ ዳቦ ቀርቦልኝ እተወዋለሁ፣ ከምሳ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበቤን ትቻለሁ። "ያኮሚናማ 'ትጠጣለች እንዴ?' ብላ ጠየቀችኝ" አለ። ጉድ እኮ ነው! አባትሽ ከሞተ ወዲህ የወይን ጠርሙስ የዚህን ቤት ደጃፍ አልፎ አያውቅም።

አላረጀሁም አልልም፤ አልጠጣሁም፣ አልጃጀሁም ግን። አፌ ነው የደረቀው። ጠዋት ስነቃ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ አገኘዋለሁ። ዳቦው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። አባትሽ ያነብልን የነበረውን ምዕራፍ ስጀምር ቃሉ አልወጣ ይለኛል። በልጅ ልጆቼ ፊት ከምንተባተብ ብዬ መጽሐፉን ለማሪኑስ አሳለፍኩለት፤ እሱ ደግሞ "ማንበብ ረሳች" አለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ጥርሴን ጭምር አነቀዘው።

ጥርሴ እንዴት መሰለሽ? ስብከት ሲጀመር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን የናና ከረሜላ ታውቂው የለ? አፌን ቢያረጥብልኝ ከሰኞ እስከ ቅዳሜም እሱኑ ስመጥጥ ከረምኩ። ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነገር ይጎዳል ብሎ ማን ይጠረጥራል? የጥርስ ሐኪሟ አፌን ከፍታ አየችና "ወይዘሮ ኔልቼ፣ ምን ሲመጥጡ ነው የከረሙት?" አለችኝ።

"የናና ከረሜላ።"

"ባለ ስኳሩን?"

"ስኳር የሌለውማ ለስብከት አይሆንም።"

ሳቀች፤ ወዲያው ግን ኮስተር ብላ "ጥርስዎን የሚጠብቀው ምራቅዎ ነበር። እሱ በሌለበት ስኳር ሲገባ ማን ይከላከል?" አለችኝ። ከዚያ የምወስዳቸውን ኪኒኖች ጠየቀችኝ። የሽንቱ፣ የደም ግፊቱ፣ አባትሽ ሲሞት ለእንቅልፍ ብለው የሰጡኝ። ብዙ ኪኒን አፍ ያደርቃል፣ ሲደራረብ ደግሞ ይብሳል አለች። እኔ እርጅና ነው ስል፣ እናንተ ጃጀች ስትሉ!

በቀጥታ ወደ ቤተሰብ ሐኪማችን ሄድኩ። "ለምን አልነገሩኝም?" ይለኛል!

"እርስዎስ ለምን አልጠየቁኝም?" አልኩት።

የሽንቱን ኪኒን ለወጠልኝ። የእንቅልፉን ግን ቀስ በቀስ እንቀንሳለን፣ በራስዎ እንዳያቋርጡ ብሎ አስጠነቀቀኝ። አሁን ውሃ ከአጠገቤ አይጠፋም፣ ትንሽ ትንሽ እጎነጫለሁ። ስኳር የሌለው ማስቲካ አኝካለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ! የሰባኪው ሚስት አይታኝ ደነገጠች። ስተኛ አፍ የሚያረጥብ ጄል እቀባለሁ፤ አልኮል ያለበትን መጉመጥመጫ ጣልኩት፣ እሱም ያደርቃል ተብያለሁ። ዳቦዬን ሾርባ ውስጥ ነክሬ እበላለሁ። ድርቀቱ ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ተሽሎኛል ግን።

ትናንት ይህን ሁሉ ለማሪኑስ ነገርኩት። "ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልተናገርሽም?" አለኝ።

"መች አስጨረስከኝ! አፌን ስከፍት አንተ ትጨርስልኛለህ" አልኩት።

ፊቱ ቀላ። የቤቱን ዋጋ ሊገምት የነበረው ሰውዬ እንዳይመጣ እዚያው ፊቴ ደወለለት። አንቺም ከእንግዲህ ስለ እኔ የምትጠይቂው ካለሽ እኔን ጠይቂ። እናትሽ አለሁ፣ አልሞትኩም።

እሱስ ቢሳሳትም ፊቴን ያያል፣ ምሳ ያመጣልኛል። አንቺ ያለሽ ድምፄ ብቻ ነው። ባለፈው ስትደውዪ ቃል ሲጠፋብኝ "በቃ ደክሞሻል፣ ዕረፊ" ብለሽ ዘጋሽው። አልደከመኝም ነበር። ብዙ የምነግርሽ ነበረኝ።

እግዚአብሔር አንቺንም፣ ባልሽንም፣ ልጆቹንም ከክፉ ይሰውርልኝ። ስትደውዪ መጀመሪያ ላይ ዝም ብል ስምሽ ጠፍቶብኝ አይደለም፤ ውሃ እየተጎነጨሁ ነው። ስልኩን አትዝጊብኝ።

እናትሽ ኔልቼ