የተሳቢው ቤትና የእናትሽ ጭነት

ለልጄ ለውቢት ሀብተማርያም፣ ካልጋሪ።

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ሰላም ላቀፍሻት ልጅ፤ ሰላም ለቤትሽና ለደጅሽ። ጤናሽ እንዴት ነው ልጄ? የተሰፋው ሆድሽ ደረቀልሽ ወይ? ወተትሽ ለልጅቱ ይበቃታል ወይ? ሀሴትስ ታስተኛሻለች፣ ወይስ እንዳንቺ ጯሂ ናት? ባልሽ ዮናታን ሥራውና ጤናው እንዴት ነው? የእኔን ብትዪ፣ እንደማትዪ ባውቅም፣ ጉልበቴ ደረጃ እምቢ ከማለቱ በቀር አለሁ። እህል እበላለሁ። ቤቱ ግን ቤት አልሆነም።

ይህን የሚጽፍልኝ አቶ ፀጋዘአብ ነው፤ እዚሁ ክሬሰንት ታውን ከእኛ ፎቅ በታች የሚኖር፣ አገር ቤት አስተማሪ የነበረ ሰው። እኔ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ። አላፍርበትም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የአሰብን መንገድ ታፔላውን በመልኩ እየለየሁ ነድቻለሁ። ያልኩህን ጻፍ፣ አታሳምርልኝ ብዬዋለሁ። ስልክ ብደውል ታለቅሺያለሽ፤ ስታለቅሺ እኔም የምናገረው ይጠፋኛል። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም።

ወንድምሽ ባህሩ ሲደውል እንደማታነሺለት ሰምቻለሁ። ለልጅቱ ክርስትና እንዳይመጣ ብለሽ እንደላክሽበትም ሰምቻለሁ። «አንተ ትሬለር ስታማርጥ እናቴ ሞተች» ብለሽዋል አሉ። ወንድምሽ አልነገረኝም፤ እሱ ይህን ለእኔ ከሚናገር ምላሱን ቢቆርጡት ይመርጣል። የነገረኝ ዮናታን ነው። እንግዲህ የሆነውን ከእኔ ስሚ። ጨርሰሽ ስሚ፤ ከዚያ የምትፈርጂውን ፍረጂ።

ሐምሌ ላይ ሐኪምሽ ከአልጋ እንዳትነሺ ሲል እናትሽ «ልጄን ሌላ ሰው አያርሳትም» ብላ ተነሣች። የእሷ ሐኪም ደግሞ በዚህ ሳንባሽ አውሮፕላን አትሳፈሪም አላት። እናትሽን አሰፋሽን ታውቂያታለሽ። አውሮፕላን ካልሆነ በመኪና አለች። ሦስት ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነው ብንላት «አባታችሁ ዕድሜውን መንገድ ላይ አይደለም እንዴ የጨረሰው?» አለች። ችግሩ መቀመጡ ነበር። ሁለት ሰዓት ከተቀመጠች ትንፋሿ ያጥራል፤ ጋደም ማለትና የኦክስጅን ማሽኗን መሰካት አለባት። ዘዴውን ያመጣው ባህሩ ነው። አልጋና ሽንት ቤት ያለው፣ በፒክአፑ የሚሳብ ቤት እንግዛ አለ። እነሱ ትሬለር ይሉታል። እኔ ተሳቢ ነው የምለው፤ ተሳቢ ደግሞ ሥራዬ ነው። እየሄደ ሰው እንዳይቀመጥበት ሕግ ስላለ እናትሽ ጋቢና ከእኛ ጋር ትቀመጣለች፤ በየሁለት ሰዓቱ እያቆምን ገብታ ትተኛለች። ነገሩ ይኸው ነበር።

ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ሻጭ ዘንድ ሄድን። ፈረንጁ ሶፋና ምድጃ ያለው ትልቅ ቤት አሳየን፤ የባህሩ ዓይን በራ። «ፒክአፓችሁ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ይስባል፤ ይኼ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ነው፤ ምን ያስፈራችኋል?» አለ ሻጩ። እኔ ባህሩን «ጠይቀው፤ ባዶውን ነው ወይስ ሞልቶ?» አልኩት። ባዶውን ነው አለ። «በለው እንግዲህ፣ ውሃውን፣ ጋዙን፣ ባትሪውን፣ ድስቱን እኔ በራሴ ተሸክሜ ልከተል?» ሻጩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በሩ ጎን የተለጠፈውን ቁጥር አስነበብኩ፤ ሲሞላ እስከ ሦስት ሺህ አራት መቶ ይላል። ያ ቀረ።

«አባባ፣ እኛ ያን ያህል አንጭንም፤ ስቦት ይሄዳል እኮ» አለኝ ባህሩ። «መሳብማ ይስበዋል፤ ቁልቁለት ላይ ማን ያቆመዋል?» አልኩት። ደግሞም መሳብ ብቻ አይደለም፤ የተሳቢው አፍንጫ ፒክአፑ ጀርባ ላይ ያርፋል። ተሳቢው መቶ ኪሎ ከመዘነ ከአሥር እስከ አሥራ አምስቱ እዚያ ላይ ነው መውደቅ ያለበት። የእኛ ፒክአፕ መካከለኛ ነው፤ ጀርባው ሰዉን ጨምሮ የሚችለው አምስት መቶ ኪሎ ገደማ መሆኑ ሹፌሩ በር ላይ ተጽፏል። ሦስታችን ብቻ ሁለት መቶ ሠላሳ እንሆናለን። ስለዚህ ተሳቢው ሞልቶ ከሁለት ሺህ እንዳይበልጥ አልኩ፤ ንቅንቅ አልልም አልኩ።

ሦስት ሳምንት ዞርን። እናትሽ ማታ ማታ በሩን ስንከፍት «ተገኘ?» ትላለች። «አልተገኘም» እላለሁ። በመጨረሻ ባዶው ሺህ አራት መቶ ሃምሳ፣ ሞልቶ ሺህ ዘጠኝ መቶ፣ የራሱ ፍሬን ያለው አንድ ትንሽ ቤት አገኘን። መሳቢያውን አስገጠምን፣ የፍሬኑን መቆጣጠሪያም አስገጠምን። ባህሩ እኮ በመጀመሪያው ቀን ገዝቶ ሊነሣ ነበር። ሦስቱ ሳምንት የእኔ ነው። ይኼን ያዢልኝ።

ተሳቢው ሕንፃችን ሥር ማቆሚያ ስለሌለው ሬክስዴል አስቀመጥነው፤ የባህሩ ጓደኛ ሪድዋን የሚሠራበት የጠጠር ግቢ ነው። ያኔ ነው ጭነቱ የመጣው። አሰፋሽ ልጇን ልታርስ ነው ተብሎ በሕንፃው ሲሰማ ከሴቶቹ ባዶ እጇን የመጣች የለችም። ነጥሮ የተቀመጠ ቅቤ፣ የገብስ ዱቄት ለገንፎው፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ተልባ፣ አብሽ፣ ማር፣ ጤፍ በከረጢት፣ ጋቢ፣ የሕፃን ልብስ። አንዷ ቅቤው መንገድ ላይ እንዳይቀልጥ ብላ ትንሽ ፍሪዘር አመጣች፤ አንዷ ሞሰብ ሰጠች። እናትሽ ለሰጣት ሰው እምቢ ማለት አትችልም። ባህሩ ከሥራ ሲወጣ እየጫነ ያመላልሳል። እኔ ጉልበቴን አሞኝ ተኝቼ ነበር፤ አላየሁም። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው። ውሃውንና ጋዙን ኪሎ በኪሎ ቆጥሬ፣ አራስ ሊጠይቅ የሚሄድ ሐበሻ ምን ያህል እንደሚሸከም ረሳሁት።

ልንነሣ አራት ቀን ሲቀረን ሪድዋን የግቢው የከባድ መኪና ሚዛን ላይ አወጣልን። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ። የባሰው ደግሞ ከባድ ከባዱ ሁሉ ኋላ ተደርድሯል፤ ተሳቢው አፍንጫው ቀሎ ቂጡ ላይ ተቀምጧል። ኋላው የከበደ ተሳቢ ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ስንወርድ ጓደኛዬ ኸይረዲን ከፊቴ ነበር፤ ቡና ጭኗል። ተሳቢው ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር፣ ከዚያ መኪናውን ራሱን ወርውሮ ገደል ይዞት ገባ። ሬሳውን ከቡናው ውስጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እናንተ ልጆቼ ይህን ከእኔ ሰምታችሁ አታውቁም።

እናትሽን «ግማሹ ይወርዳል» አልኳት። «ባዶ እጄን አራስ ቤት አልገባም» አለች። «ሰው ከአፉ ነጥቆ የሰጠኝን መሬት ላይ ልጣለው? አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ አይደለችም እንዴ?» ባህሩ መሀል ገብቶ «እማዬ፣ የቀረውን በፖስታ ቤት እልከዋለሁ» ቢላት «የአራስ ገንፎ በፖስታ ቤት! አንተም ብሎ ልጅ!» ብላ አፉን አስያዘችው። እኔም አፌ ክፉ ነው። «ወይ ኮተትሽ ወይ አንቺ፤ ሁለታችሁንም አልወስድም» አልኳት። ሰው እየሰማ። በአርባ አራት ዓመት ትዳር ከዚህ የከፋም ተናግሬያት አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ መልስ ነበራት። ያን ቀን ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች።

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ምሳዬን አስቀምጣልኝ ወደ ጓዳ ትገባለች። በሦስተኛው ቀን ባህሩ ሥራ እንዳለ ለሪድዋን ደውላ «ና ሬክስዴል አድርሰኝ» አለችው። እኔም ተከተልኩ። ሪድዋን አድርሶን ወደ ሥራው ገባ። ፀሐዩ ያነድዳል። ማሽኗን እቤት ትታዋለች። ብቻዋን ተሳቢውን ከፍታ ታወርድ ጀመር። አንዱን ከረጢት እየጎተተች ታወጣና የሰጠቻትን ሴት ስም ጠርታ «ይቅር በይኝ እህቴ» ትላለች። ትንፋሿ ሲያጥር ደረጃው ላይ ትቀመጣለች፤ ደግሞ ትነሣለች። ሞሰቡን አውጥታ መሬት ላይ ማስቀመጥ አቅቷት ረጅም ጊዜ ታቅፋው ቆመች።

እኔ የግቢው ዘበኛ ወንበር ላይ ተቀምጬ አያት ነበር። ልርዳሽ ማለት አንድ ቃል ናት፤ አላወጣኋትም። ጉልበቴ አይደለም የያዘኝ። አሸነፍኳት ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ይህን ባህሩ አያውቅም፤ ሪድዋንም አላየም። አቶ ፀጋዘአብ አሁን ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠብኝ፤ አንሣው አልኩት።

ሪድዋን ከሥራ ሲወጣ እንደገና መዘነልን። ሺህ ስምንት መቶ ሰባ። አፍንጫውም እንደሚገባው አርፏል። ልክ ነበርኩ ልጄ። ስንመለስ እናትሽ «እንግዲህ ከነገ ወዲያ እንሄዳለን?» አለችኝ። «እንሄዳለን» አልኳት። በማግሥቱ ጠዋት ትንፋሿ አልመለስ አለ፤ አምቡላንስ መጣ። ከዚያ ወዲያ አፏ ውስጥ ቱቦ ስለነበረ ለማንም አልተናገረችም። ሀሴት ስትወለድ ባህሩ ፎቶዋን በስልኩ አሳያት፤ በጣቷ የልጅቱን ፊት ነካች።

እናትሽ ስታርፍ አንቺ የአምስት ቀን አራስ ነበርሽ። ባህሩ «አባባ፣ እንንገራት፤ ሁለተኛ አታምነኝም፤ እባክዎ» ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። «አራስ መርዶ አይነገራትም፤ ወተቷ ይደርቃል። ስትደውል ተኝታለች በላት» ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ዋሸልኝ። ስልኩን በዘጋ ቁጥር መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃውን ይከፍተዋል፤ ለቅሶውን እንዳልሰማ። ሰምቻለሁ። እናትሽ ያወረደችውን ለየባለቤቱ ብንመልስ ሴቶቹ አንቀበልም አሉ፤ ለአርባዋ ዋለ። ላንቺ የተዋጣው ጤፍ የእሷ ተዝካር ሆነ። ተሳቢው እዚያው ሬክስዴል ቆሟል፤ ባህሩ አይሸጠውም፣ ሄዶም አያየውም።

ጭነቱን ማስወረዴ አይቆጨኝም። ዛሬም ቢሆን አስወርደዋለሁ፤ ሦስታችንንም ገደል ከምከት። ከወንበሩ አለመነሣቴ ነው የሚቆጨኝ። እሱን ከእኔ ላይ የሚያወርድልኝ የለም፤ አውርጂልኝም አልልሽም። ግን በወንድምሽ ላይ አትጫኚው። እሱ ያደረገው ነገር ቢኖር አባቱን መስማት ነው።

ሰው ለምኜ አላውቅም። በረሃ ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ፣ ውሃ አልቆብኝ አላፊ መኪና አልለመንኩም። አንቺን እለምናለሁ። በልጅቱ ክርስትና ባህሩ አጠገብሽ ይቁም። እኔን አትምጣ ካልሽ አልመጣም። አልከፋም አልልሽም፤ እከፋለሁ፤ ግን አልመጣም።

ለዮናታን ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ስለነገረኝ እንዳትቆጪው። እናቱ አንቺን ስላረሱልኝ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በዪልኝ፤ የአሰፋሽን ቦታ ባዶ አላደረጉትም። ሀሴትን ግንባሯን ሳሚልኝ። ከዚህ ሪድዋን ሰላም ይልሻል፤ የሕንፃው ሴቶች እግዜር ያጽናሽ ይሉሻል፤ አቶ ፀጋዘአብም እንዲሁ። የባህሩን ሰላምታ እኔ አልጽፍልሽም፤ ደብዳቤ መላኬንም አያውቅም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አሁንም ይደውልልሻል፤ እስኪዘጋ ድረስ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ መስኮቱ ጋ ይቆማል። አንሺለት።

አባትሽ ሀብተማርያም፤ ፊርማ ስለማላውቅ አውራ ጣቴን አትሜያለሁ።

ክሬሰንት ታውን፣ ቶሮንቶ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.