እሁድ የደረሰው ድምፅ

ሁዋንካቬሊካ፣ የካቲት 24 ቀን

ለልጄ ለዬሴንያ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የሳንቲያጎ ኑሮ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። በስልክ የላክሁልሽ ሁሉ እንዳልደረሰሽ ምልክቱ ስለሚያሳየኝ፣ አክስትሽ የሰጠችኝን አድራሻ ይዤ በወረቀት መጣሁ።

የግብርና ኢንጂነርነት ሥራዬ ተለውጧል። እንደ ድሮው መንደር ለመንደር አልዞርም። መሥሪያ ቤቱ ታብሌት ሰጥቶኝ፣ መቶ ሠላሳ ገበሬ በአንድ ግሩፕ ሰብስቦልኛል። የታመመ ቅጠል ፎቶ ይልካሉ፤ እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ በድምፅ እመልሳለሁ። ቀኑን ሙሉ ሳወራ ውዬ ቢሮውን ስዘጋ፣ ያየሁት ሰው አንድም የለም።

በጥር ወር ከወንዙ ማዶ እማማ ፎርቱናታ ፎቶ ላኩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በአንዲት የድንች ማሳ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። እሁድ የላኩትን ሰኞ ጧት አየሁት። ቅጠሉ ከዳሩ መጥቆር ጀምሯል። «እማማ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ መድኃኒቱን ይርጩ» አልሁና፣ «ተልኳል» የሚለውን አይቼ ወደሚቀጥለው አለፍሁ። በዚያ አገር ኔትወርክ ያለው ኮረብታው አናት ላይ ብቻ እንደሆነ፣ እሳቸውም የሚወጡት እሁድ እሁድ ከገበያ ሲመለሱ እንደሆነ ረሳሁ።

በሳምንቱ ሌላ ፎቶ መጣ። ቅጠል የለበትም፤ የጠቆረ ማሳ ብቻ። ጽሑፍም ድምፅም አላስከተሉም።

አምስት ሰዓት ሙሉ በእግሬ ሄድሁ። ደጃፋቸው ተቀምጠው ከበሰበሰው መሃል ደኅና ድንች ይለቅማሉ።

«አይ ኢንጂነር! እግርም አለህ እንዴ? እኔማ ድምፅ ብቻ የቀረህ መስሎኝ ነበር።»

«ይማሩኝ እማማ። ልኬ ነበር እኮ።»

«መላክህንማ ሰማሁ። ድምፅህ እሁድ መጣ፤ ድንቼ ሐሙስ ሞተ።»

 አጠገባቸው ቁጭ ብዬ መልቀም ጀመርሁ። እሳቸውም፣ «አንተ ደግሞ ማን ሞቶብህ ነው እንዲህ የምትሆነው?» አሉኝ።

ነገርኋቸው። እናትሽ የታመመች ጊዜ «አባዬ ድረስ» ብለሽ የላክሽው መልእክት፣ እኔ ተራራ ለተራራ ስዞር ከርሜ፣ በተቀበረች በሁለተኛው ቀን እንደደረሰኝ። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ትኩስ ድንች ልጠው ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲህ ዘዴ አበጀን። ኮረብታው ላይ የሚኖሩት ሽማግሌው ዶን ማካሪዮ፣ መልእክት ሲደርሳቸው ቀንደ መለከት ይነፋሉ። ባለፈው ሳምንት በሽታው ሲመለስ ነፉ፤ ሸለቆው በሙሉ ከቀትር በፊት ረጨ፣ ድንቹም ተረፈ። የእማማ ፎርቱናታ ማሳ ግን ባዶ ነው። ለመጪው ዘር ጎረቤት እያዋጣላቸው ነው።

እኔም በየሐሙሱ በእግሬ እወርዳለሁ። አለቃዬ «ታዲያ ታብሌቱን ለምን ሰጠንህ?» ይለኛል። እኔ ጫማዬን አስሬ እወጣለሁ።

ልጄ፣ ይህን የጻፍሁት ልሟገትሽ አይደለም። መልእክት ሳልጠብቅ መምጣት ነበረብኝ። ድንግል ማርያም በሄድሽበት ሁሉ ቀድማ ትጠብቅሽ፤ የያዝሽው ሁሉ ይባረክልሽ።

ምናልባት ብትደውዪ፣ ሐሙስና ዓርብ ሸለቆ ውስጥ ነኝ፤ ስልኬ አይገኝም። የዘጋሁብሽ አይምሰልሽ። ቅዳሜ ጧት ኮረብታው ላይ እወጣለሁ፤ እስኪመሽ እዚያው ነኝ።

አባትሽ ኤሌውቴሪዮ