የጋቢናው ተራ

ለተወደድሽው ታናሽ እህቴ ለአይሲልዳ፤

ሰላምታዬ ከእነዚህ ጭጋጋም ኮረብቶች ተነሥቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ በርሚንግሃም ድረስ ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ያ የክረምት ሳልሽስ ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽ ሆሬስስ ደኅና ነው? እኔ፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ድካም ግን እንደ አሮጌ ካፖርት ከትከሻዬ አልወርድ ብሏል።

«ዓይንህን ሞራ ጋርዶት ዛሬም ታክሲ ትነዳለህን?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። መልሱን ያዘገየሁት ለራሴም ስላልመለስሁት ነው።

ሥራው አንቺ እንደምታውቂው ነው። መኪናው ሳይሞላ ከክርስቲያና ከተማ አይነቃነቅም፤ ሞልቶ ቢነሣም፣ በወረደው ሰው ምትክ ከመንገድ ዳር ሌላ ካልተጫነ የነዳጁን ዋጋ አይመልስም። ስለዚህ ሹፌር የሚበላው በዓይኑ ነው፤ ከሙዙ ተክል ሥር እጁን ያነሣውን ሰው ከሩቅ ያየ ይጠግባል። ሌሎቹ ከኋላ ሰውን እንደ ድንች ያጭቃሉ። እኔ ሕግ ከፈቀደው በላይ ጭኜ አላውቅም፤ ሰላምታ ሳይሰጥ የገባ ሰው ካለም፣ እስኪሰጥ ድረስ ንቅንቅ አልልም።

ከፋሲካ ወዲህ ደንበኞቼ ጋቢና መቀመጥን በተራ አደረጉት። እንደ ክብር ቈጠርሁት። ድንች ነጋዴዋ ዳፍኒ ጋቢና ከገባች አፏ አያርፍም። «ጋሼ፣ እዚያ ድልድዩ ጋ የተገተረው የዲያቆኑ ልጅ አይደል? አይ ቁመት!» ትላለች፤ ቆሜ እጭነዋለሁ። «እዚህች ጉድጓድ ፍየል ቢገባባት እኮ አይወጣም!» ትላለች፤ ጉድጓዱን እዞረዋለሁ። ወሬኛ ናት ብዬ እታገሣት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ግን፣ መኪናው እስኪሞላ ስጠብቅ፣ አንዲት እንግዳ ወጣት ጋቢና ልትገባ ብትል፣ ተራ አስከባሪው ሊንቫል «እሜቴ፣ አንቺ ወደ ኋላ! ጋቢና የሚገባው መንገዱን የሚያውቅ ነው» ሲላት ሰማሁ።

«ምነው፣ ሹፌሩ አያውቀውም?» አለችው።

ዳፍኒ ቀበል አድርጋ «ማወቁንስ ያውቀዋል፤ አያየውም እንጂ! ዝም በይና ተጠጊ፣ እንዳይሰማሽ» አለቻት።

ሰላምታ ሰጥተው ገቡ፤ ተነሣን። እየነገሩኝ፣ እየነገሩኝ ደረስን። ሁሉም ከወረዱ በኋላ መሪውን እንደያዝሁ ብዙ ቈየሁ። አይሲልዳ፣ ከሕግ በላይ ጭኜ አላውቅም ያልሁትን አርሚልኝ፤ ለካ ያን ሁሉ ሰው ከነነፍሱ በኩራቴ ላይ ጭኜ ኖሬአለሁ።

ቁልፉን በማግሥቱ ለሊንቫል ሰጠሁት። መንጃ ፈቃድ አለው፤ መኪና ግን ኖሮት አያውቅም። ማታ ማታ የተስማማነውን የቀን ገቢ ያስረክበኛል፤ ነዳጁ በእርሱ ነው፤ የተረፈውም የእርሱ። ስለ ቀለቤ አታስቢ። ቀኑ ግን ረዘመብኝ፤ መኪናው በደጄ ባለፈ ቍጥር ቀኝ እግሬ ፍሬን ይፈልጋል።

ዛሬ ጠዋት ወደ ገበያ ለመውረድ እንደ ማንም ሰው መንገድ ዳር ቆሜ እጄን አነሣሁ። መኪናው ከኋላ ሞልቷል፤ ጋቢናው ባዶ ነበር። ዳፍኒ ከኋላ ተጣብባ «ይግቡ እንጂ ጋሼ! ዛሬ ተራው የእርስዎ ነው» አለችኝ። ገባሁ፤ በሩን ዘጋሁ። ሊንቫል ግን አልነቃነቅ አለ። ዘወር ብሎ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል፤ ከኋላም ትንፋሽ የለም።

«እንደምን አደራችሁ» አልሁ። ያን ጊዜ ተነሣን።

ለሆሬስ፣ ለልጅሽ ለማቬት፣ ለሁለቱ መንታዎቿም እያንዳንዳቸውን በስም ጠርተሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ወንድምሽ ኤግበርት
ከክርስቲያና በላይ፣ ጃማይካ
ኖቬምበር 9 ቀን 2019