አባትህ ያላወቀው እጅ

አሶሳ፣ ኅዳር 15 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለምሳሳልህ ልጄ ለነብዩ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ትምህርቱስ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ግራ እጄ ተሰብሮ አንገቴ ላይ ታስሯል። አባትህ ነው የሰበረው።

ወረቀቱን አትጣለው፣ እስከ መጨረሻው አንብበው። ክረምት ላይ ራስህን በወንበር ፈንክቶህ፣ ደም እያዘራህ ስትወጣ “ከእንግዲህ አባት የለኝም” ብለኸኝ ነበር። ያኔ እኔም አልገባኝም። መስከረም ላይ ዘመድ ጥየቃ ነው ብዬ ነቀምት ወስጄ አስመረመርኩት። ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ እጢ ሳይኖር አይቀርም፣ ቁጣውንም ሰው መርሳቱንም የሚያመጣው እሱ ነው፣ ቶሎ አዲስ አበባ ውሰጂው አለኝ።

አልወሰድኩትም። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው፤ ሹመቱ በየብሔረሰቡ እየተደለደለ ሁሉም ወንበር ወንበር ያያል። አባትህ ዳበሳ አብዷል ከተባለ ሹመቱም የመንግሥት ቤቱም ደመወዙም በዚያው ይቀራል ብዬ ፈራሁ። የቢሮውን ደብዳቤ ቤት እያስመጣሁ እኔ ስጽፍ እሱ ይፈርም ነበር። ሽጉጡን እንኳ አልደበቅኩም።

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት ገበያው ውስጥ ተኩስ ተነሳ። ሁለት ሰው ሞተ። ወንዱ ሁሉ ገጀራውን ይዞ በየወገኑ ቆመ። ጎረቤታችን ባቢከር፣ የበርታ ብሔረሰቡ ልብስ ሰፊ፣ በራችሁን ዝጉ ሊለን አጥር ዘሎ ገባ። አባትህ አላወቀውም። “መጡብን” ብሎ ሽጉጡን መዘዘ። ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ። በሰደፉ ፊቴንም እጄንም ደጋግሞ መታኝ፤ አጥንቴ ቀጭ ሲል ሰማሁት፣ ግን አልለቀቅኩም። ጥይቱ ወጣና የባቢከርን ጭን በስቶ አለፈ።

ወዲያው ሰዎች በሩን ይደበድቡ ጀመር። በርታው ባቢከር በሺናሻው ሹም በአባትህ ቤት ተተኮሰበት ቢባል ያን ቀን ስንት ሰው እንደሚታረድ አንተው አስበው። ባቢከር ጭኑን በጥምጥሙ ጠፍሮ ቀና ብሎ አየኝ።

“እህቴ፣ አንተ ዝም በል” አለኝ በሰባራ አማርኛው። “ጥይት ከመንገድ መጣ።”

ለሰዎቹም በቋንቋቸው ያንኑ ነገራቸው። አምነውት ተሸክመውት ሄዱ። ሚስቱ ኢንቲሳር ግን እውነቱን ነግሯታል። በማግስቱ መጥታ እጄን በእንጨት ደግፋ አሰረችልኝ። የባቢከር ቁስል አሁን እየደረቀ ነው።

እሑድ ጠዋት አባትህ ረጋ ብሎ ተነሳ። ያበጠውን ፊቴንና እጄን ሲያይ እንባው ወረደ።

“ማነው እንዲህ ያደረገሽ?” አለኝ። “ስሙን ብቻ ንገሪኝ።”

ወደቅኩ አልኩት። አላመነኝም። ያ ሰው ተመልሶ ይመጣል ብሎ እስከ ቀትር ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ዋለ።

ሰኞ ቢሮ ሄጄ በሽታውን አልሸሸግኩም፤ ሽጉጡንም አስረከብኩ። የባቢከርን ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም፣ አንተም ከዚህ ወረቀት አታሳልፈው። ኅዳር 27 አዲስ አበባ ይዤው ስሄድ ነቀምት እናድራለን። መንገድ ላይ ቢነሳበት በአንድ እጄ አልችለውም። ከጅማ መጥተህ መናኸሪያው በር ላይ ጠብቀን። ምናልባት አያውቅህ ይሆናል፤ ማነህ ቢልህ አትቀየመው፣ ሻንጣውን ተቀብለህ አብረኸው ሂድ።

መንገድህን እግዚአብሔር ያቅናልህ፤ ለአባትህ የሚሆን ትዕግሥትም ይስጥህ።

እናትህ ብዙወርቅ