ቀጥ ብሎ የወጣው መስቀል

አባብዬ፣

ከተለየኸን አምስት ወር አለፈ። በሕይወት እያለህ «አያትሽ ነኝ እንጂ ዳኛ አይደለሁም፤ አንተ በይኝ» ትለኝ ነበር። እኔ ግን አፍሬ «እርስዎ» ከማለት ወጥቼ አላውቅም። ዛሬ በወረቀት ላይ ደፈርኩ። ወረቀት ፊቴን አያየኝም።

አባቴ አልጋህን ወደ ጓዳ አስገብቶታል። በሩ አጠገብ ያለው ወንበርህ ላይ ግን ማንም አይቀመጥም፤ እንግዳ ሲመጣ እንኳ እናቴ ሌላ በርጩማ ታቀርባለች። ከዘራህም ከበሩ ጀርባ እንደቆመች ናት። ደባርቅ ዘንድሮ ብርዱ በርትቷል፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይታያል። እኔም ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ እንዳቆምኩት ቀረሁ።

የምጽፍልህ ግን ፈርቼ ነው። እማሆይ መጥተዋል። አሁን ይህን ስጽፍ ከአጥሩ ማዶ፣ እትዬ አበባ ቤት ተቀምጠው ድምፃቸው ይሰማኛል። ታላቅ እህትህ መሞትህን አያውቁም። ነገ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች መርዶውን ይነግሯቸዋል። ከዚያ በኋላ ለሚጠይቁት ጥያቄ ግን መልሱ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ነሐሴ ሲገባ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አደይ አበባ ያለባቸውን አራት የእንቁጣጣሽ ካርዶች ትገዛ ነበር። አንዱ ለአዲ አርቃይ፣ አንዱ ለመካነ ብርሃን፣ አንዱ ለዳባት ዘመዶቻችን፤ የመጨረሻው በየዳ ላሉት ለእማሆይ። እጅህ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጀመሪያ ደበቅከን። ቡና ስትጠጣ ሲኒውን በሁለት እጅህ መያዝ ስትጀምር ነው ያወቅነው። እንዲወፍርልህ ብዬ ብዕሩን በጨርቅ ጠቀለልኩልህ፤ ወረቀቱንም እንዳይንሸራተት ያዝኩልህ። አልሆነም። በቤተ ክህነት ትምህርት የተገሩት ፊደሎችህ አንዱ በአንዱ ላይ ሲወድቁ አየህና «እጄ ሳይቀምስ ሰከረ» ብለህ ሳቅህ። ዓይንህ ግን አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ አንተ ትናገራለህ፣ እኔ እጽፋለሁ። «አንቺ መናገር ትፈሪያለሽ፤ እኔ መጻፍ አቃተኝ። ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ሰው ይወጣናል» ትለኝ ነበር። ሰላምታህ ረጅም ነበር። ላሟ ወለደች ወይ፣ ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ተከደነ ወይ። ላሳጥረው ስሞክር ታውቅብኛለህ። «ዓመት ሙሉ ያልታየ ሰው በሁለት መስመር አይጠየቅም» ብለህ ታስጀምረኛለህ።

አንድ ነገር ግን አታስነካኝም ነበር፤ ካርዱ አናት ላይ ያለውን መስቀል። እሱን የምታደርገው ራስህ ነህ። እማሆይ ማንበብ አይችሉም። ቃሉን ቄሱ ያነቡላቸዋል፤ የወንድማቸውን እጅ የሚያውቁት ግን በመስቀሉ ነው። ከዓመት ወደ ዓመት ይበልጥ እየተጣመመ ሄደ። አግዳሚው ወደ ላይ ወጥቶ ይወርዳል፤ እግሩ ወደ ግራ ይታጠፋል። እሳቸው እሱን ስመው ደረታቸው ውስጥ ይይዙታል አሉ።

ባለፈው ነሐሴ ሦስቱ ካርዶች ላይ መስቀሉን አደረግህ። የእማሆይን «እጄ ትንሽ ሲረጋ» ብለህ አቆየኸው። አልረጋም። ከማረፍህ በፊት በነበረው እሑድ፣ ዓይንህን ሳትገልጥ «የእማሆይን እንዳትረሽ» አልከኝ።

የአዲ አርቃዩም የመካነ ብርሃኑም የዳባቱም ዘመድ ለቀብርህ መጣ፤ ካርዳቸው ሣጥኑ ውስጥ ቀረ። እማሆይ ግን በዚያ ክረምት ከበየዳ መውጣት አይችሉም፤ ታመውም ነበር። ስልክ እሳቸው ዘንድ አይሠራም፤ ቢሠራም መርዶ በስልክ አይነገርም አለ አባቴ። በጋ ሲሆን ሽማግሌ ይዘን እንሄዳለን ተባለ። ወደዚያ የሚሄደው ሰው ሁሉ እንዳይናገር አደራ ተሰጠው። ከሐዘን ቤት ደግሞ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ እንደማይወጣ አውቃለሁ። አላወቅኩም ብዬ አልዋሽህም።

ጳጉሜን ላይ የበየዳ መኪና መናኸሪያ ቆሞ ሲጭን አየሁ። ካርዱ ከቀረባቸው «ምን ሆነብኝ» ብለው በሕመም ላይ ይጨነቃሉ ብዬ ፈራሁ። ቃልህም አላስቀምጥ አለኝ። ሮጬ ቤት ገባሁ፤ ካርዱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መስቀሉን እኔው ሠራሁት። ለአንዲት ተሳፋሪ ሰጠኋት። መኪናው ከሄደ በኋላ ነው ውስጡ ያለው ትዝ ያለኝ። «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይላል። አንተ ስታስጽፈኝ እውነት ነበር።

ኅዳር ላይ ከበየዳ የመጣ ነጋዴ የእማሆይን ቃል ለአባቴ አደረሰ። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። «የወንድሜ መስቀል ዘንድሮ ቀጥ ብሏል። እጁ ተፈወሰ። የተሳልኩት ደረሰልኝ፤ ጧፌን ይዤ ለጥምቀት እመጣለሁ» ብለዋል አለ። አባቴ ግራ ገብቶት «የምን መስቀል?» ሲለው፣ ነጋዴው «እኔ ምን አውቄ፣ ያሉኝን ነው» አለ። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ።

አባብዬ፣ ለካ አንተን አንተ የሚያደርግህ መንቀጥቀጡ ነበር። እኔ አሳምሬ ሠራሁት።

ከዚያ ወዲህ መኪና ጥሩምባ በነፋ ቁጥር መጡ ብዬ ወደ ደጅ እወጣለሁ። ለእናቴ ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ «ጨው አለቀ እንዴ?» ብዬ ዘጋሁት። አንድ ቀን ቆጣ ብላ «ይቺ ልጅ ምን ነካት፣ ጨው ጨው ትላለች» አለችኝ።

እማሆይ ለጥምቀት አልደረሱም፤ መኪና አጥተው ቆይተው ዛሬ ገቡ። አባቴ ከመናኸሪያ ተቀብሎ በቀጥታ ወደ እትዬ አበባ ቤት ወሰዳቸው። «አባባ ጠበል ናቸው፤ ነገ እናደርስዎታለን» አላቸው። ጧፉን በነጠላ ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቅፈውት ነበር። እኔን ሲያዩ «የወንድሜ ጸሐፊ! እንግዲህ ሥራ ፈታሽ፣ እጁ ዳነ» ብለው እየሳቁ ሳሙኝ። ሲያቅፉኝ ደረታቸው ላይ ካርዱ ኮሽ ሲል ሰማሁት።

አሁንም ይስቃሉ። እትዬ አበባ «ትንሽ ይጉረሱ፣ በሞቴ» እያለች ትለምናቸዋለች። ነገ እህል እንደማይቀምሱ ታውቃለች።

እጄ እምቢ አለኝ። ላቁም።

*

አራት ቀን ሆነ። የጀመርኩትን ልጨርስልህ።

ማለዳ ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ አባቴ ተከተላቸው። እኔ ደጅ ቀረሁ። ከዚያ ጩኸታቸውን ሰማሁ። ያ ሁሉ ድምፅ ከዚያች ትንሽ ሰውነት እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ደግፈው ወደ ቤታችን ሲያመጧቸው ልሸሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን በሩን ከፈትኩላቸው።

ለቅሶው በረድ ሲል «ያቺ ጸሐፊ የት ናት?» አሉ። ሰዉ መንገድ ለቀቀልኝ። ካርዱን ከደረታቸው አወጡት፤ ጠርዙ ከላባቸው የተነሣ ለስልሷል። «ወንድሜ በነሐሴ ሞተ አላችሁኝ። ይህ ለመስቀል በዓል ደረሰኝ። ማን ነው ያደረገው?» አሉ። አባቴ ዞሮ አየኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማሆይ» አልኩ።

በሰው ፊት ያን ያህል ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። ከመምታታቸው ይልቅ ግን እርግማናቸውን ፈራሁ። የመነኩሲት አፍ ነው።

«ብዕር ስጧት» አሉ። ካርዱን ገልብጠው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «በይ አሁን አድርጊው። እኔ እያየሁሽ።»

ተንበረከኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ በግራ እጄ ብይዘውም አይቆምም። አግዳሚው ወደ ላይ ወጣና ወረደ። እግሩ ወደ ግራ ታጠፈ። ብዕሩም ከእጄ ወደቀ።

እማሆይ ጎንበስ ብለው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት። ደግመው ተከተሉት። «ይኸስ የሱ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ እጄን ያዙት፤ መንቀጥቀጡ እስኪተወኝ ድረስ አልለቀቁኝም።

ጧፉን በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ወስደው ላንተ አበሩት። ትናንት ሲሳፈሩ ጆሮዬ ላይ ተጠግተው «ለእንቁጣጣሽ ጻፊልኝ። በራስሽ ስም፤ መስቀሉንም ራስሽ» አሉኝ። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አልነገሩኝም፤ መጠየቅም አልደፈርኩም። አባቴም እስከ ዛሬ ስለ ካርዱ አንድ ቃል አላነሣም።

እጽፍላቸዋለሁ፣ አባብዬ። ስለ ላሟም ስለ ጉልበታቸውም እጠይቃለሁ፤ አላሳጥርም። «ደህና ነኝ» የሚለውን ግን ደህና ስሆን ብቻ ነው የምጽፈው። ዛሬ ገና እፈራለሁ። ቢሆንም የእማሆይን አልረሳም። አንተንም።